መድኃኒቱን የለመደው ማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄ ለጥርስ ሐኪማችን፣ ከደብረ ማርቆስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም። አንዷ ከፍኖተ ሰላም፣ አንዱ ከደብረ ወርቅ፣ አንዱ ከግንደ ወይን፣ አንዷ ከዳንግላ ናቸው። ሳነባቸው ግን አንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው የጻፉ ነው የመሰሉኝ። ሌላውን ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ገጹን ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ "ውድ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ዐምና በዐቢይ ጾም የታችኛው መንጋጋዬ ሲነዝረኝ አደረ። በማግስቱ ጉንጬ አበጠ። አሞክሳሲሊን ገዝቼ ሦስት ቀን ዋጥሁ። ሲሻለኝ የቀረውን በላስቲክ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። ከፋሲካ በኋላ ትንሹ ልጄ ሲያስለው ከዚያው ላይ ሁለት ቀን ሰጠሁት። በሰኔ ሕመሙ ተመለሰብኝ። የተረፈውን ዋጥሁ፤ ጠብ አላለልኝም። ሐኪም ቤት ስሄድ 'አፍሽ ውስጥ ያሉት ጀርሞች መድኃኒቱን ተላምደዋል' አሉኝ። ሰውነቴ መድኃኒት ለመደ ማለት ነው? ለልጆቼስ ይተላለፋል? ባለቤቴ ይህን ከሰማ ወዲህ ልጆቹን አታጉርሻቸው ብሎኛል። መፋቂያስ ያጠራዋል?"

መልስ፦ እታለም፣ መጀመሪያ አንዱን ጭንቀት ላንሣልዎት። ሰውነትዎ ምንም አልለመደም። የለመዱት አፍዎ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስልዎት ይችላል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። የለመደው ሰውነትዎ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የእርስዎ ብቻ ነበር። ባክቴሪያ ግን ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል።

በሰው አፍ ውስጥ እስካሁን ከ700 በላይ የባክቴሪያ ዓይነቶች ተለይተዋል። አንድ ሰው ሁሉንም አይዛቸውም፤ የያዛቸው ግን ብዙ ናቸው። በአንድ ሚሊ ሊትር ምራቅ ውስጥ፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ እንኳ በማይሞላ ምራቅ ማለት ነው፣ 100 ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ አለ። አይደንግጡ። አብዛኞቹ ክፉ አይደሉም። ቦታ ቦታቸውን ይዘው ክፉዎቹ እንዳይገቡ የሚከላከሉልን እነሱ ናቸው።

ነገ ጠዋት ሲነሡ፣ ሳይጉመጠመጡ፣ የታችኛውን የፊት ጥርስዎን ጀርባ በምላስዎ ይዳስሱት። ሻከር ያለ፣ ያዝ የሚያደርግ ነገር ያገኛሉ። በጥፍርዎ ጫፍ ቢፍቁት ነጣ ያለ ልፋጭ ይወጣል። ያ ልፋጭ የምግብ ትርፍራፊ ብቻ እንዳይመስልዎት። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው በሠሩት ሙጫ ተጣብቀው፣ ተደራርበው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ለብቻው ሲንሳፈፍ በቀላሉ የሚሞተው ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ሲሆን መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም።

በዚያ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ይዋዋሳሉ። እርሾን ያስቡ። ጎረቤትዎ እርሾ ሲያልቅባት ኩባያ ይዛ ትመጣለች። ቀድተው ይሰጧታል። በሁለተኛው ቀን የእርስዎ እርሾ እንደነበረ ነው፤ የእሷም ሊጥ ኩፍ ብሏል። ማንም አልጎደለበትም። ባክቴሪያዎችም ከመድኃኒት የሚያመልጡበትን ዘዴ በዘረመላቸው ላይ ጽፈው ይይዛሉ። ሳይንሱ ጂን ይለዋል። አንዱ ቅጂውን ለሌላው ይሰጣል። ሰጪው አይጎድልበትም፤ ተቀባዩ ዘመድ መሆን አያስፈልገውም። ምንም በሽታ የማያመጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ ምላስዎ ላይ በሰላም የኖረ ባክቴሪያ፣ የያዘውን ዘዴ ለበሽታ አምጪው ሊሰጠው ይችላል።

ከሞተ ጎረቤትም ይወርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ ፍሬድሪክ ግሪፊዝ የተባለ ሐኪም የሳንባ ምች የሚያመጣውን ባክቴሪያ በሙቀት ገደለው። የሞተውን ከማይጎዳ ሕያው ባክቴሪያ ጋር ደባልቆ አይጦች ላይ ወጋ። አይጦቹ ሞቱ። ሕያውና የዋህ የነበረው ባክቴሪያ ከሬሳው ላይ ክፋቱን አንሥቶ ለብሶት ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም፣ እዚያው ለንደን ውስጥ፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን አገኘ። መድኃኒቱ በተገኘበት ዓመት፣ ጀርሞች መድኃኒት የሚያመልጥ ዘዴ የሚቀባበሉበትም አንዱ መንገድ ታየ ማለት ነው። በጊዜው ግን ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ዘዴያቸው ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ መድኃኒቱን የሚቆርጥ መቀስ ይሠራል፤ አሞክሳሲሊን ገና ሳይደርስበት ይበጣጥሰዋል። ጥርስ ሥር በሚቋጥር መግል ውስጥ በብዛት ከሚገኙት አንዱ፣ ፕሬቮቴላ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ይህን መቀስ ይይዛል። ሌላው እንደ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ጀልባው ውኃ ሲያስገባ ቀዛፊው በቅል እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋል፤ አይሰጥምም። እንዲሁ ባክቴሪያው የገባውን መድኃኒት እየቀዳ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ሦስተኛው ቁልፉ የሚገባበትን ቀዳዳ ይለውጣል፤ መድኃኒቱ መጥቶ ቢያንኳኳም አይከፍትም።

አሁን ወደ እርስዎ ጥርስ ልመለስ። ባለሙያው የነገሩዎት እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሕመምዎ የተመለሰው በመላመዱ ብቻ አይመስለኝም። መድኃኒት የሚሄደው በደም ነው። በስብሶ ውስጡ የሞተ ጥርስ ደም የለውም። ስለዚህ እንክብሉ ጥርሱ ዙሪያ ያለውን እብጠት ጋብ ያደርጋል እንጂ ጥርሱ ውስጥ አይገባም። ወለል ሥር አይጥ ሞቶ ዕጣን ማጨስ ማለት ነው። ሽታው ለጊዜው ይጠፋል። አይጡ ግን እዚያው ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከማቻከል አንድ አባት መጡ። ጉንጫቸው ብርቱካን አክሏል። የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው ላስቲክ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ቀይና ቢጫ እንክብል፣ ነጭ ክኒን፣ ለሁለት የተሰበረ ሌላ ክኒን። ከሦስት ሰው የተሰጣቸው ነው። ሁሉንም በየተራ ሞክረውታል። አደነዘዝሁና ድዳቸውን ጥቂት ከፈትሁት። መግሉ ወጣ፤ ቀጥሎም ጥርሱን ነቀልሁት። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ጨርቁን ነክሰው ትንሽ ቆዩና "ልጄ፣ በስድስት ቀኔ ዛሬ ገና ምራቄን ዋጥሁ" አሉኝ። ትኩሳት የለባቸውም፤ እብጠቱም አልተስፋፋም ነበር። የሕመም ማስታገሻ ብቻ ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

ይህን ስነግርዎት ወገኔን ንጹሕ ላደርግ አይደለም። ሥራ በጀመርሁበት ዘመን፣ በገበያ ቀን ወረፋው በር ሲደርስ፣ ጥርሴን ላለኝ ሁሉ አንቲባዮቲክ፣ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ማለት ነው፣ እጽፍ ነበር። ታካሚውም ባዶ እጁን አልሄድም ይላል። መጻፍ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ጥርስ ማከም ግን ግማሽ ሰዓት። ዛሬ ያንን ሳስብ ያንገበግበኛል። እነዚያ ሰዎች ሕመሙን ተሸክመው ነው የተመለሱት።

አንቲባዮቲክ አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ እብጠቱ ወደ ዐይን ከወጣ ወይም ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ያ ሰው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ አለበት። መድኃኒቱ ነፍስ የሚያድነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በደህናው ቀን ያባከንነው በዚያን ቀን እንዳይከዳን ነው ይህን ሁሉ የማወራው። የታዘዘልዎትን ደግሞ በታዘዘው መጠንና ቀን ይውሰዱ። ስለተሻለኝ ላቁም ወይ የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ያዘዘውን ሐኪም ይጠይቁ።

ስለ ልጅዎ። አብዛኛው የልጆች ሳል የሚመጣው በቫይረስ ነው። አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይነካም። የአዋቂ እንክብልም የልጅ መጠን አይደለም። ያ ሁለት ቀን ሳሉን አልጠቀመውም፤ አፉ ውስጥ የነበሩትን ደካሞች ገድሎ ዘዴኞቹን ግን አስፋፍቶ ይሆናል። ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህንኑ በምሳሌ ተናግሮት ነበር። አንድ ሰው ጉሮሮውን ታመመ፤ ፔኒሲሊን ገዝቶ በቂ ያልሆነ መጠን ወሰደ፤ ጀርሞቹን አልገደላቸውም፤ አስተማራቸው እንጂ። ከዚያ ለሚስቱ አስተላለፈባት። እሷ በሳንባ ምች ስትታመም መድኃኒቱ አልሠራ አለና ሞተች። ሰውየው ለምሳሌ የታሰበ እንጂ በእውን የነበረ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ይገመታል።

ወደ ልጆች ይተላለፋል ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ ይተላለፋል። ቴትራሳይክሊን የሚባለው ሌላው አንቲባዮቲክ የሚያድግ ጥርስን ለዘለቄታው ስለሚያጠቁር ለትንንሽ ልጆች አይታዘዝም። ሆኖም እንግሊዝ አገር አንቲባዮቲክ እየወሰዱ ያልነበሩ ሕፃናት አፍ ሲመረመር ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ከክኒን አላገኙትም። ከቤተሰብ፣ ከጓደኛ፣ ከሚበሉት አግኝተውት ይሆናል።

ቢሆንም እባክዎ ጉርሻውን አይተዉ። ለባለቤትዎም ይህን ያንብቡለት። በታጠበ እጅ ማጉረስ ሌላ፣ ምራቅ ማጋራት ሌላ ነው። ሊቀር የሚገባው አኝኮ ለሕፃን መስጠት፣ ገንፎውን በራስ አፍ ቀምሶ በዚያው ማንኪያ ማብላት፣ የወደቀ ጡጦ በምላስ ጠርጎ መመለስ ነው። ይህን ሁሉ እናቶች የሚያደርጉት በፍቅር ነው። እኔም አድጌበታለሁ። ግን በእናት አፍ ውስጥ ያለው ጥርስ አብስባሽ ባክቴሪያም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

መፋቂያ ጥሩ ነው። ወይራም፣ ክትክታም፣ ልምጭም ቢሆን ጫፉን አኝከው አለስልሰው፣ ድዱ ሥር ድረስ፣ የኋላ መንጋጋ ሳይረሳ ቢፍቁበት ያንን ልፋጭ ያነሣዋል። ልፋጩ ሲነሣ እርሾ የሚዋዋሱበት ሰፈር ፈረሰ ማለት ነው። ማታ በፍሎራይድ ሳሙና በብሩሽ ቢጨምሩበት ደግሞ የተሻለ ነው። የደነደነውን የጥርስ ጠጠር ግን መፋቂያም ብሩሽም አያነሣውም፤ ለእሱ ወደ እኛ ይምጡ። ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማሰር ይቅርብዎት። ሥጋውን ያቃጥለዋል፤ ተልጦ የመጣ ብዙ አይቻለሁ።

ቁም ሳጥኑን ዛሬ ይክፈቱ። የተረፈ እንክብል ካለ ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ይመልሱ። ያንን ጥርስ ደግሞ ያስከፍቱት፤ ወይ ሥሩ ይታከም፣ ወይ ይነቀል። አፍዎ ተበላሽቶ አይቀርም። የአፍ ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲክ ካለፈ በኋላ ከአንጀት ባክቴሪያዎች ይልቅ ቶሎ ወደ ነበሩበት እንደሚመለሱ ታይቷል።

ጥያቄ፦ "ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? ደብረ ወርቅ አጠገብ ቅኔ አስተምራለሁ። ይህን በተማሪዬ እጅ አስጽፌ ነው። መጽሔትሽን ማታ ማታ ያነቡልኛል። ጀርም መድኃኒት ይለምዳል ያልሽውን ሰምተው ተማሪዎቹ ሲከራከሩ አመሹ። ግማሾቹ 'ከክኒን ጋር የመጣ የዘመን ነገር ነው' አሉ። ግማሾቹ 'ከክኒን በፊትም ነበረ' አሉ። አባቶቻችን ክኒን አያውቁም። የማን ይጽና?"

መልስ፦ የኔታ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ጥያቄው ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ ለሥራ ባልደረቦቼ አነበብሁላቸው።

"ከክኒን በፊትም ነበረ" ያሉት ይጽናላቸው። ምስክሩ ጥርስ ላይ የሚደነድነው ጠጠር ነው። ጠጠሩ ሰው ሞቶ ሥጋው ሲፈርስ እንኳ አይፈርስም፤ በውስጡ የተቀበሩትን ባክቴሪያዎች ዘረመል ይዞ ይቆያል። ጀርመን አገር ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት የተቀበሩ ሰዎች የጥርስ ጠጠር ተፍቆ ተመረመረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ፣ ዛሬ መድኃኒትን ከሚቋቋሙት ጂኖች ጋር የሚዛመዱ ጂኖች በውስጡ እንደነበሩ ታየ። እነዚያ ሰዎች አንቲባዮቲክ በስሙም አያውቁትም። ካናዳ ውስጥ 30,000 ዓመት በረዶ ሆኖ ከኖረ አፈርም ተመሳሳይ ነገር ወጥቷል። በቬኔዙዌላ ጫካ ውስጥ ከሌላው ዓለም ተለይተው የኖሩ የያኖማሚ ሰዎች ሰገራ፣ አፍና ቆዳ ተመርምሮም መድኃኒት የሚቋቋሙ ጂኖች ተገኝተዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አብዛኛውን የአንቲባዮቲክ ዘር ሰው አልፈጠረውም። ፔኒሲሊን የሻጋታ ነው። ስትሬፕቶማይሲንና ቴትራሳይክሊን አፈር ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች የተገኙ ናቸው። አፈር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች በቦታና በምግብ ሲጣሉ እርስ በርስ መርዝ ይረጫጫሉ። መርዝ ባለበት ማርከሻ አለ። ሁለቱም ከሰው ይልቅ ያረጁ ናቸው። (ተማሪዎቹ ይህን ሰምተው የሻገተ ድርቆሽ መድኃኒት ነው እንዳይሉ አደራ። ሻጋታ ሁሉ ፔኒሲሊን አይሰጥም፤ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያለውም አለ።)

የኔታ ቢፈቅዱልኝ ግን ለእነዚያኛዎቹም ጥቂት ላድላ። ሰሙ ጥንታዊ ነው፤ ወርቁ የዘመናችን ነው። ዘዴው ዱሮም ነበረ፤ ግን ጥቂቶቹ ብቻ የሚይዙት ነገር ነበር። እኛ መድኃኒቱን ሰውም ላይ ከብትም ላይ ሳንለካ ስናፈስ ሌላው አለቀና ዘዴኛው ብቻውን በዛ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። አንድ የቆሎ ተማሪ ሊታከም መጥቶ ሲያጫውተኝ፣ ለአንዱ የተገዛ መድኃኒት ከሆነ ሌሎች የታመሙም እንደሚካፈሉት ነገረኝ። ቁራሹን ተካፍሎ ያደገ ልጅ ክኒኑንም መካፈሉ አይገርምም። ግን አምስት ቀን የታዘዘ መድኃኒት ለሦስት ሲከፈል ሦስቱንም አያድንም። እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሯቸው ከእኔ መቶ ገጽ ይሻላል።

ጥያቄ፦ "ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ግንደ ወይን አካባቢ መምህር ነኝ። ልጅ ሳለን የዐይን መድኃኒት ነው እየተባለ በቁመት መለኪያ እንጨት እየለኩ አዚትሮማይሲን ያጠጡን ነበር። አሁን አንቲባዮቲክ መሆኑን ሳውቅ ከፋኝ። ያኔ የአፋችንን ጀርሞች አለማምደውብን ይሆን? እናቴ ደግሞ አሁን ሲመጣ ለታናሼ አይሰጠውም ብላለች።"

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ አጋጣሚ ሆኖ የጠየቅኸው ጥያቄ መልሱ የተገኘው እዚያው ወረዳህ፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ውስጥ ነው። የዓለም ሐኪሞች የወረዳህን ስም ያውቁታል።

እዚያ በተደረገው ጥናት በአንዳንዶቹ መንደሮች ያሉ ሕፃናት በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን ተሰጣቸው። ከአፍንጫቸው ውስጥ በጥጥ ናሙና ተወሰደ። የሳንባ ምች የሚያመጣውና ብዙ ሕፃናት ሳይታመሙ ተሸክመውት የሚኖሩት ባክቴሪያ ነው የተፈለገው። ከመጀመሩ በፊት አዚትሮማይሲን የሚቋቋመው ዓይነት የተገኘው በ3.6 በመቶው ላይ ነበር። በ12 ወሩ 46.9 በመቶ ደረሰ። በዚያው ጊዜ መድኃኒቱ ባልተሰጠባቸው መንደሮች 9.2 በመቶ ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ስለዚህ ጥርጣሬህ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ናሙናው የአፍንጫ እንጂ የአፍ አልነበረም፤ ግን የሳንባ ምች ባክቴሪያና ስትሬፕቶኮከስ ሚቲስ የሚባለው የአፍ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ጂን ይዋዋሳሉ። ፔኒሲሊንን የመቋቋሙን ዘዴ የሳንባ ምች ባክቴሪያ የተበደረው ከእነዚህ የአፍ ዘመዶቹ መሆኑ ታውቋል።

ሌላውንም ግን ስማ። በዚያው ወረዳ፣ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት ካልተሰጠባቸው ጋር ሲተያይ በግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። በተቅማጥ፣ በሳንባ ምችና በመሳሰለው ይሞቱ የነበሩ ልጆች ናቸው። ከእናንተ መካከል አብሮህ የተማረ፣ ያለዚያ መድኃኒት የማይኖር ልጅ ሊኖር ይችላል።

መድኃኒቱ የሚታደልለት የዐይን ሕመም፣ ትራኮማውስ? አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አያቴ ወረንጦ በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌናቸውን ይወጋቸዋል። ጠዋት ጠዋት በር ላይ፣ ፀሐይ ፊት ተቀምጠው፣ በዳሰሳ አንድ በአንድ ይነቅሉት ነበር። ባላገር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። እኔ ያንን ወረንጦ ስላየሁ ለእናትህ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለኝ፤ ታናሽህ ይውሰድ።

ማደሉ ሲቆም የተላመዱት ባክቴሪያዎች እየቀነሱ እንደሚሄዱም እዚሁ አገራችን ውስጥ ታይቷል። ዘዴውን መሸከም ለባክቴሪያው ወጪ ነው። መድኃኒቱ ከሌለ ሸክሙን ያልያዘው ጎረቤቱ ይቀድመዋል። ለዚህም ነው የተለካ፣ በተወሰነ ቀን የሚሰጥ፣ ውጤቱ የሚታይ እደላ በየመደርደሪያው ከሚቀመጥ እንክብል ጋር አንድ አይደለም የምለው። እደላው ይለካል፤ ይቆማልም። የመደርደሪያው እንክብል ማንም አይቆጥረውም፤ ዓመት ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይቀመሳል። ፊት መታጠብንና መጸዳጃ ቤትን ለተማሪዎችህ አጥብቀህ አስተምር። ትራኮማ ሲጠፋ እደላውም አብሮ ይቀራል።

ጥያቄ፦ "ዶክተር፣ ዳንግላ ነኝ፤ 22 ዓመቴ ነው። የልብ በር ሕመም አለብኝ፤ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ እወጋለሁ። መንጋጋዬ በስብሶ ማክሰኞ ሊነቀል ቀጠሮ አለኝ። ስለ ልቤ ለጥርስ ሐኪሙ አልነገርሁትም፤ አስፈላጊ ነው? ጎረቤቴ ከሦስት ቀን በፊት አሞክሳሲሊን ጀምሪ ትለኛለች።"

መልስ፦ እኅቴ፣ በጣም አስፈላጊ ነው። ጥርስ ሲነቀል የአፍ ባክቴሪያዎች ለጥቂት ደቂቃ ደም ውስጥ ይገባሉ። ጤነኛ ልብ አያስጨንቀውም። በተጎዳ የልብ በር ላይ ግን ተቀምጠው ከባድ ሕመም ሊያመጡ ይችላሉ። በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ ሰው አፍ ውስጥ ደግሞ ፔኒሲሊንን የተላመዱ ባክቴሪያዎች መኖራቸው ይጠበቃል። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ስለሆነ በራስሽ ብትጀምሪው ላይጠቅምሽ ይችላል። ቅድመ መከላከያ ያስፈልግሻል ከተባለ፣ ከሌላ ወገን የሆነ መድኃኒት በአንድ ጊዜ መጠን ከመነቀሉ በፊት ይሰጥሻል። ያስፈልግሻል ወይስ አያስፈልግሽም የሚለውን የልብ ሐኪምሽ ይወስን። የሁሉም የልብ በር ሕመም አንድ አይደለም።

ወርኃዊ መርፌሽን በዚህ ምክንያት እንዳታቋርጪ። የበሰበሰውን ጥርስ ማስነቀልሽም ትክክል ነው፤ ለልብሽ ከመነቀሉ ይልቅ አፍሽ ውስጥ መቆየቱ ይብሳል።

ሰኞ የልብ ክትትል ወደምታደርጊበት ደውዪ ወይም ሂጂ። ማክሰኞ የመርፌ ካርድሽን ይዘሽ ግቢ። ወንበሩ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት፣ አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት፣ ካርዱን ለሐኪሙ ስጪው። የመጨረሻውን መርፌ የተወጋሽበት ቀን ካልተጻፈበት ከአሁኑ አጽፊው።